በሰው ስም የፈረመ ሲስተም

አንዲት የብድር ኦፊሰር ባላጠፉት ጥፋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል። አጥፊው እኔ ነበርኩ። ይህን ካወቅኩ በኋላም ለወራት ዝም ብያለሁ። የመጀመሪያው የሙያ ስህተት ነው፤ ይህን የሚያስጽፈኝ ሁለተኛው ነው።

ሥራዬ የአንድ የፋይናንስ ተቋም የብድር አሰጣጥ ደረጃ በደረጃ በሚመራ ሲስተም እንዲከናወን ማድረግ ነበር። ቀድሞ ኦፊሰሮቹ የደንበኛውን መረጃ በአንድ ፕሮግራም፣ የመያዣውን ግምት በሌላ ያያሉ፤ ገንዘቡን የሚለቁት ደግሞ ኮር ባንኪንግ በሚባለው ዋናው የሂሳብ ሲስተም ውስጥ ገብተው ነው። እኔ ሦስቱንም ከጀርባ አገናኝቼ ከፊት አንድ ገጽ ብቻ አስቀረሁላቸው። ገጹ መጀመሪያ ምን እንደሚጣራ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያያዝ ይነግራቸዋል። ኮሚቴው ሲያጸድቅ «ብድሩን ልቀቅ» የሚል ቁልፍ ይመጣል። ቁልፉ አንዴ ከተነካ ገጹ ይዘጋና የሚቀጥለው ደንበኛ ማመልከቻ ይከፈታል።

ችግሩ ከቁልፉ ጀርባ ነበር። ኮር ባንኪንጉ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ሲስተሙ ሥራው እንደከሸፈ እንዲቆጥር አድርጌዋለሁ። እንዲህ ያሉ ሂደቶችን የሚያስኬዱ ሞተሮች የከሸፈን ሥራ ደግመው ይሞክራሉ፤ ለምሳሌ ካሙንዳ 7 ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር እስከ 3 ጊዜ ይሞክራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ደግ ጠባይ ነው። ነገር ግን መልሱ ዘገየ ማለት ሥራው አልተሠራም ማለት አይደለም። አመሻሽ ላይ፣ ቅርንጫፎች ሂሳብ በሚዘጉበት ሰዓት፣ ኮር ባንኪንጉ ይጨናነቃል። ኦፊሰሯ ቁልፉን በነኩበት ቀንም ገንዘቡን ለቀቀ፤ መልሱን ግን በጊዜ አላደረሰም። ሞተሩ ጥያቄውን ደግሞ ላከ። ብድሩ ሁለት ጊዜ ወጣ።

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ፕሮግራሞች በድር የሚነጋገሩበትን ደንብ የያዘው የኤችቲቲፒ 1.1 ሰነድ ቢደጋገሙም ውጤታቸው እንደ አንድ ጊዜ የሚቆጠር ጥያቄዎችን ይዘረዝራል። ጌት፣ ፑትና ዲሊት አሉበት፤ ፖስት የለበትም። እኔ ብድር የማስለቅቀው በፖስት ነበር።

ከዚህ የባሰው የስሙ ጉዳይ ነው። ኮር ባንኪንጉ የኦፊሰሯን ሥልጣን እንዲያረጋግጥ ብዬ የመግቢያ ቶከናቸውን ከጥያቄው ጋር አያይዤ እልክ ነበር። ሞተሩ በራሱ የደገመውም በእሳቸው ስም ተመዘገበ። የክንውን መዝገቡ (ሎጉ) ላይ ሁለት መስመር ይታያል፤ አንድ ተጠቃሚ፣ አንድ የብድር ቁጥር፣ በመካከላቸው የ35 ሰከንድ ልዩነት። ላየው ሰው እሳቸው ሁለት ጊዜ እንደተጫኑ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ሂሳብ ሲታረቅ በትርፍ የወጣው ገንዘብ ተገኘና ተጠርተን ተሰበሰብን። «እኔ አንዴ ነው የነካሁት» አሉ ኦፊሰሯ። እኔ ሎጉን ስክሪን ላይ ዘርግቼ «ሲስተሙ የሚያሳየው ሁለት ጊዜ ነው» አልኩ። ስብሰባው በዚህ አበቃ። አንዴ ከተነካ በኋላ የሚዘጋውን ገጽ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሁለተኛ የሚጫኑት ቁልፍ እንዳልነበረ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ሥራዬን ከመጠራጠር ሰው መጠራጠር ቀለለኝ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እውነቱን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። የሞተሩን የራሱን ታሪክ ስከፍት ብድሩ በተለቀቀበት ሰዓት የቀረው የሙከራ ቁጥር ከ3 ወደ 2 ወርዷል። ማረም አልከበደኝም። ለእያንዳንዱ ብድር ገና ማመልከቻው ሲከፈት የማይለወጥ መለያ ሰጠሁ፤ ሲስተሙ መልስ ካጣ ከመድገሙ በፊት በዚያ መለያ የተመዘገበ ክፍያ መኖሩን ኮር ባንኪንጉን እንዲጠይቅ አደረግሁ። ሞተሩም የራሱ የተጠቃሚ ስም ወጣለት፤ ያዘዘውና የፈጸመው በየራሳቸው ዓምድ መመዝገብ ጀመሩ። ለኃላፊዎች በላክሁት ማስታወሻ ላይ ግን «የአፈጻጸም ማሻሻያ» ብዬ አለፍኩት። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ቢፒኤምኤን 2.0 የተባለው የሂደት መሣያ ደንብ ሰው የሚሠራውን ሥራ በሰው ምስል፣ ማሽን የሚሠራውን በጥርሳም ጎማ ለይቶ ያሳያል። በእኔ ሥዕል ላይም ሁለቱ ተለይተው ተሥለዋል። ለኃላፊዎች ሳቀርብ በዚያ ሥዕል ኮርቼበታለሁ። ተጠያቂነት በሚመዘገብበት በሎጉ ላይ ግን አንድ አድርጌያቸዋለሁ። ሰውን በእያንዳንዱ እርምጃ የሚመራ ሲስተም ውሳኔውንም ከእጁ ይወስዳል። ከወሰደ በራሱ ስም ይፈርም፤ አለዚያ የሚመራው ሰው ያላየውን ሥራ ዕዳ ይሸከማል።

በመጨረሻ ለሰው ኃይል ክፍል ጽፌ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከኦፊሰሯ ማኅደር ወጣ። እሳቸውንም ቢሯቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን ስናገር ለምን አላጣራህም?» አሉኝ። ጥድፊያውን፣ የሥራ ብዛቱን ልጠቅስ እችል ነበር። «እርስዎ እንደተሳሳቱ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ረጅም ሂደቶችን በሚመለከት ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬነዝ ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ሳጋ የተባለ ሐሳብ እያንዳንዱ እርምጃ የሚያካክሰው ሌላ እርምጃ እንዲኖረው ይጠይቃል። ትርፉ ገንዘብ በዚህ መንገድ ተመልሷል፤ ተቃራኒ ሂሳብ ተሠርቶ ተዘጋ። ደብዳቤው በማኅደራቸው ሳለ ያመለጣቸው የደረጃ ዕድገት ውድድር ግን አልተደገመም። ዝም ባልኩባቸው ወራት ነው ያለፈው።