የአባ ተስፋ ጽዮን ይቅርታ

ሮም ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ሲያወራ ቡናው ይቀዘቅዝበታል፤ ከጉልላቱ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ስላለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ግን እምብዛም አያነሣም። በዚያ ደጃፍ ገዳማውያኖቻችን ይኖሩ ነበር፤ በሮም ዜማቸውን የሰማ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህንም ተማርኮ ግዕዝ ተማረና፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ የመጀመሪያው የግዕዝ ሕትመት መሆኑ ነው። ቋንቋውን ግን «የከለዳውያን» ብሎታል፤ ስሕተቱ ከስሙ መጀመሩን ልብ በሉልኝ።

እኔን ይበልጥ ፈገግ የሚያሰኘኝ የ1548ቱ ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳን ሊያሳትሙ ሲነሡ፣ አታሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፣ መነኮሳቱ ማተም አያውቁም። እስቲ አስቡት፦ ከ20 ጥቂት በሚበልጥ የላቲን ፊደል ያደገ ፊደል ለቃሚ፣ ከ200 በላይ ቅርጽ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ያውም የማተሚያው እርሳስ ላይ ሁሉም ዞሮ፣ «ሰ»ን «ሱ» የምታደርገዋን የቀኝ እግር ጭረት በግራ በኩል ሲፈልግ! አባም ከጎኑ ቆመው ትክክል ነው ለማለት ትንፋሻቸውን እንደ አገራቸው ልማድ ሳብ ሲያደርጉ፣ ጣሊያኑ ደንግጠው መስሎት ፊደሉን መልሶ ሳያነሣው አልቀረም።

ታዲያ አባ እዚያው መጽሐፉ ላይ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠየቁ። አገር ቤት ጸሐፊ ሲስት በቢላ ፍቆ ያርማል፤ ቢያመልጠውም ሌላ ገልባጭ እስኪወርሰው እዚያችው ብራና ላይ ነው። ለታተመው ግን ቢላ ይዞ በየባለመጽሐፉ ቤት መዞር ሊኖር ነው። ጸሐፊ ቢስት ብራና ያውቃል፤ ማተሚያ ቢስት አገር ያውቃል።

በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ፣ ፒያሳ ናቮና አጠገብ ባለው ፓስኩዊኖ በሚሉት የተሸራረፈ ሐውልት ላይ ሮማውያን ሊቃነ ጳጳሳቱን ሳይቀር የሚያሽሟጥጥ ወረቀት ስም ሳይጽፉበት ይለጥፉ ነበር። ስም ከሌለ ይቅርታውንስ ማን ይጠይቅ?

ዛሬ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የአገሬ ልጆች ስልካቸውን እንደ ዳቦ ሊገምጡት ወደ አፋቸው አስጠግተው የድምፅ መልእክት ሲልኩ ይታያሉ። መሐል ላይ ከተሳሳቱ በአውራ ጣት ጠረግ አድርገው እንደገና ይጀምራሉ፤ የጸሐፊው ቢላ አውራ ጣት ላይ በቅሎ ተመልሷል ማለት ነው። ከሌላ የመጣውን ወሬ ለሃያ ሰው ሲያስተላልፉ ግን ጣትም አይመለስ። ለእኔም ብዙ ይደርሰኛል፤ ከወሬው ጋር እንደ አባ ይቅርታ የላከልኝ ግን እስካሁን የለም፤ ምናልባት ኔትወርክ ይዞት ይሆናል።