የተቆለፈው ክፍል፦ ጎቲክ ልብወለዶችን ስለ ማንበብ

ጎቲክ እየተባለ የሚጠራው የልብወለድ ዘርፍ በብዙ አንባቢ ዘንድ የመናፍስት፣ የደም መጣጮችና የፈራረሱ ግንቦች ወሬ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ ከዘርፉ ሥራዎች መካከል ዘመን ተሻግረው የሚነበቡት በጥሞና ሲታዩ፣ የሚያስፈራው ነገር ከመቃብር የተነሣ መንፈስ ሳይሆን ቤቱ ራሱ፣ ይልቁንም የቤቱ ጌታ በሕግና በልማድ የተሰጠው ሥልጣን ሆኖ ይገኛል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አንድ የተቆለፈ ወይም ማንም የማይገባበት ክፍል አይጠፋም፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ በውስጡ ማን እንደ ተቀመጠና ስለዚያ ሰው የሚነገረውን ማን እንደሚናገር እየጠየቁ ማንበብ የዘርፉን ልብ ያስገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቆሙት አንድ አጭር ልብወለድና አራት ረጃጅም ሥራዎች የተመረጡት በዚሁ ጥያቄ ስለሚተሳሰሩና አንዱ ሌላውን እያብራራ ስለሚሄድ ነው፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እንግሊዛዊው ሆረስ ዋልፖል በ1764 መጨረሻ ያሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። ዋልፖል በመጀመሪያው እትም ስሙን ደብቆ ታሪኩን ከጥንታዊ የጣሊያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ አስመስሎ ያቀረበው ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ሁለተኛ እትም ግን ደራሲነቱን ገልጦ «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ንዑስ ርእስ ጨመረበት፤ ቃሉ በዚያ ዘመን የመካከለኛውን ዘመንና የዚያን ዘመን ባለ ሹል ቅስት ሕንፃዎች የሚያመለክት ነበር። መጽሐፉ ሲጀምር ሙሽራው በሠርጉ ቀን ከላይ በወደቀ ግዙፍ የራስ ቁር ተጨፍልቆ ይሞታል፤ አባትየውም ግንቡ በአያቱ ወንጀል የተገኘ መሆኑን ስለሚያውቅና ዘሩ እንዳይቋረጥ ስለሚፈራ፣ የልጁን እጮኛ ራሱ ለማግባት ያሳድዳታል። ዛሬ መጽሐፉ ከታሪካዊ ዋጋው በቀር ብዙም አይመስጥም፤ ሆኖም በሰው ንብረት ላይ የተቀመጠ ጌታ፣ በጨለማ መተላለፊያ የምትሸሽ ሴትና አያት ሠርቶት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕዳ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን አሉበት።

ከዋልፖል ሠላሳ ዓመት በኋላ «የኡዶልፎ ምስጢራት»ን ያሳተመችው አን ራድክሊፍ ለዘርፉ ያበረከተችው ከልብወለዶቿም በላይ አንድ መለኪያ ነው። ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፏ ፍርሃትን በሁለት ከፍላ፣ ገና ያልታየውን በመጠባበቅ አእምሮን የሚያነቃውን ሥጋት፣ ፊት ለፊት ታይቶ ሰውን ከሚያደነዝዘው ዘግናኝነት ለየችው። አንድ የጨለማ ልብወለድ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን እስካሁን አልቀረበም፤ ደም በማፍሰስ ብቻ የሚያስደነግጡ መጻሕፍት በቶሎ የሚረሱት፣ አንባቢው ከደነገጠ በኋላ የሚያስበው ነገር ስለማይተዉለት ነው።

ሴቶች ይህን ዘርፍ በብዛት የጻፉትና ያነበቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ያገባች ሴት ሕጋዊ ህልውና በባሏ ሥር የሚጠቃለል ስለነበር፣ ይዛ የመጣችው ገንዘብና ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የባሏ ይሆን፣ የመሬቷንም ገቢ እርሱ ያዝበት ነበር፤ ይህ በ1870ና በ1882 በወጡ ሕጎች ደረጃ በደረጃ እስኪሻሻል ድረስ የዘለቀ ሥርዓት ነው። እስከ 1857 ድረስም ጋብቻን ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ሌላ ለማግባት የፓርላማ ልዩ ሕግ ያስፈልግ ስለነበር፣ የፍቺ በር ለባለጠጎች ካልሆነ በቀር ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለ አገር ስለ አንዲት ሙሽራ፣ ስለ አንድ ትልቅ ቤትና ስለማይከፈት በር የተጻፈ ታሪክ የምናብ ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ለዘርፉ አዲስ የሆነ አንባቢ ቢጀምርበት የሚመከረው በአንድ መቀመጫ የሚያልቀው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ሲሆን፣ አሜሪካዊቷ ሻርለት ፐርኪንስ ጊልማን ያሳተመችው በ1892 ነው። ከወለደች ወዲህ መንፈሷ የታወከ አንዲት ሴት፣ ባሏ ለበጋ በተከራየው የገጠር ቤት የላይኛው ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ እንድታርፍ ትደረጋለች፤ ባሏ ሐኪም ነው፣ እንድትጽፍም አይፈቅድላትም፣ እርሷ ግን የእግሩን ኮቴ እያዳመጠች ማስታወሻዋን በድብቅ ትጽፋለች። በክፍሉ መስኮቶች ላይ የብረት ፍርግርግ፣ በግድግዳው ላይ የብረት ቀለበቶች ያሉ ሲሆን፣ አልጋውም ከወለሉ ጋር በምስማር ተመቷል፤ ባለታሪኳ ቦታው ቀድሞ የሕፃናት መጫወቻ ስለነበረ ነው ብላ በቀና ልብ ስታስረዳ፣ አንባቢው እርሷ ያላየችውን ቀድሞ አይቶ ይሳቀቃል። ቀናት ባለፉ ቁጥር በተቀዳደደው የግድግዳ ወረቀት ሐረግ ጀርባ እየዳኸች ሐረጉን እንደ ፍርግርግ የምትነቀንቅ ሴት ትታያት ጀመር። ጊልማን ራሷ በ1887 ሳይላስ ዌር ሚቸል በተባለው ዝነኛ የነርቭ ሐኪም ዘንድ «የእረፍት ሕክምና» ተሰጥቷት ነበር፤ ይህም ታካሚዋን ከሥራና ከአእምሮ ጥረት አግዶ በአልጋ ላይ እያቆዩ አብዝቶ መመገብ ማለት ነው። ታሪኩን ከብዙ የጎቲክ ሥራዎች በላይ የሚያስጨንቅ የሚያደርገው ግን ባልየው ክፉ አለመሆኑ ነው፤ ይወዳታል፣ አቅፎ ደረጃውን ያወጣታል፣ በቁልምጫ ይጠራታል፣ የምትለውን ግን አንድ ቃል እንኳ አይሰማም፤ ክፉን ሰው መሸሽ ይቻል ይሆናል፣ በፍቅር ስም ከሚቆልፍ ሰው ግን ወዴት እንደሚሸሽ ጊልማን አትነግረንም።

ሁለተኛው ሻርለት ብሮንቴ በ1847 ከረር ቤል በሚል የወንድ በሚመስል የብዕር ስም ያሳተመችው «ጄን ኤር» ነው። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በፍቅር ታሪክነቱ ሲሆን፣ በጎቲክነቱ ሲነበብ ግን በሁለት የተቆለፉ ክፍሎች መካከል የተዘረጋ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የአሥር ዓመቷ ወላጅ አልባ ጄን አጎቷ በሞተበት ቀይ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባት በፍርሃት ራሷን ትስታለች፤ በሁለተኛው፣ በዓመት 30 ፓውንድ ተቀጥራ ሕፃን በምታስተምርበት የቶርንፊልድ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማንም በስሟ የማይጠራት ሴት ትስቃለች። ሳቁ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ነው እየተባለ ለጄን ይነገራታል፤ የጌታው አልጋ በሌሊት ይቃጠላል፣ እንግዳ ሰው ተነክሶ ይደማል፣ ጄን ጌታውን የምታገባበት ሠርግ ሲቃረብ ዐይነ ርግቧ በመስተዋት ፊት ለሁለት ይቀደዳል። ሳቂዋ ከጃማይካ 30,000 ፓውንድ ጥሎሽ ይዛ የመጣችው የቤቱ ጌታ የሮቸስተር ሕጋዊ ሚስት በርታ ሜሰን መሆኗ የሚገለጠው ጄን በቤተ ክርስቲያን ከቆመች በኋላ ነው። እብደት በእንግሊዝ ሕግ የፍቺ ምክንያት ተደርጎ የታወቀው በ1937 ስለሆነ ሮቸስተር ከሚስቱ የሚላቀቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ገንዘቧ ግን ከእርሱ ዘንድ ነበር። ብሮንቴ ለጄን ያላት ርኅራኄ ወሰን የለውም፣ ለበርታ ግን አንድም ቃል አልሰጠቻትም፤ ይህ የታላቁ መጽሐፍ ጉድለት እንጂ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጄን የቶርንፊልድን በር ከፍታ በሌሊት መሄድ የቻለችው ሚስት ሳትሆን ተቀጣሪ ስለነበረች ነው፤ በዛሬው ዓለም ግን ተቀጣሪም ሆና በሩ የማይከፈትላት ሴት አለች። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ሥር በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓስፖርታቸው ተወስዶባቸው በሰው ቤት የተቆለፈባቸው ኢትዮጵያውያት ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ ስላልሆነ፣ የቶርንፊልድን ሦስተኛ ፎቅ እንደ ድሮ ዘመን ነገር አድርጎ ማንበብ ለእርሱ ከባድ ነው።

ለበርታ ቃል የሰጠቻት ጂን ሪስ ናት። በ1890 በካሪቢያኗ ዶሚኒካ ደሴት ተወልዳ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወደ እንግሊዝ የሄደችው ሪስ፣ ከ1939 ወዲህ ረጅም ልብወለድ ሳታሳትም ኖራ በ1966፣ በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር»ን አወጣች። በዚህ መጽሐፍ በርታ ቀድሞ አንትዋኔት የምትባል ክሪኦል፣ ማለትም በደሴቶቹ ተወልዳ ያደገች የአውሮፓውያን ዘር ናት፤ ቤተሰቧ በባርነት ሀብት የኖረ በመሆኑ ባርነት በቀረ ማግስት ነፃ የወጡት ጥቁሮች ይጠሉታል፣ እንግሊዛውያኑም እንደ ራሳቸው አይቆጥሩትም። ቤታቸው በሌሊት ሲቃጠል፣ ክንፉ የተቆረጠው በቀቀን እሳት ይዞት ከሰገነቱ ሲወድቅ የሚታይበት ገጽ መጨረሻውን አስቀድሞ ያሳያል። ስሙ የማይጠራው እንግሊዛዊ ሲያገባት ሀብቷ በስሟ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ውል አይፈረምም፤ አክስቷ ይህን ተቃውማ ብትከራከርም የሚሰማት የለም፤ ባልየውም ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ስሟን ይወስድና በርታ ይላታል። በመጨረሻው ክፍል በእንግሊዝ ቤት ተቆልፎባት፣ በክፍሉ መስተዋት ስለሌለ መልኳን እንኳ ከረሳች በኋላ፣ ቀይ ቀሚሷን እያየች ራሷን ለማስታወስ ስትታገል የምትታይበት ጥቂት ገጽ በዚህ ዘርፍ ከተጻፈው ሁሉ ይልቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱን መጻሕፍት ተከታትሎ ማንበብ አስፈላጊ ነው፤ ሪስን አንብቦ ወደ ብሮንቴ የተመለሰ ሰው ያንን ሳቅ እንደ ቀድሞው አይሰማውም።

የዳፍኒ ዱ ሞሪየ «ሬቤካ» (1938) ከእነዚህ ሁሉ ለንባብ ቀላሉና ጉጉትን በመቀስቀስ የሚተካከለው የሌለው ነው። ስሟ ፈጽሞ የማይነገር ወጣት ሚስት ወደ ባሏ ትልቅ ቤት ወደ ማንደርሊ ስትመጣ፣ የሞተችው የመጀመሪያ ሚስት ክፍል የሌሊት ልብሷና ነጠላ ጫማዋ ሳይቀር እንደ ነበረ ተጠብቆ ታገኘዋለች፤ የቤቱ አዛዥ ሚስዝ ዳንቨርስም ልብሶቹን በእጇ እንድትዳስስ ታግባባታለች። እዚህ ክፍሉ የሚጠበቀው በሌለች ሴት ስም ሲሆን፣ የምትታፈነው በሕይወት ያለችው ናት። በአልፍሬድ ሂችኮክ የተሠራው የ1940 ፊልም ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ቢያገኝም፣ በዘመኑ የአሜሪካ ፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ምክንያት የታሪኩን ዋና ድርጊት ለውጦታል፤ ድርጊቱ ምን እንደሆነ እዚህ አይገለጥም፤ ባለታሪኳ ምስጢሩን ስትሰማ የሚሰማት እፎይታ ግን አንባቢን ሊያስጨንቀው ይገባል፤ ፊልሙም ያለዘበው ይህንኑ ነው።

የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» (1987) ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ቢነበብ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በእነርሱ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ የነበረው ዕዳ በዚህ የአንድ አገር ይሆናል። በ1856 ከኬንታኪ ከቤተሰቧ ጋር በረዶ የጋገረውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ያመለጠችው ማርጋሬት ጋርነር፣ አሳዳጆቹ ቤቱን ሲከቡት ሴት ልጇን ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ በገዛ እጇ ገድላለች፤ ሞሪሰን ይህን የታሪክ ፍሬ ወስዳ፣ በሲንሲናቲ ዳርቻ ቁጥሩ 124 በሆነ ቤት የምትኖር ሴተ የተባለች እናት ፈጠረች። ቤቱ እናቲቱ በገደለቻት ሕፃን መንፈስ ይናወጣል፤ ጎረቤትም መንፈሱ መኖሩን አይጠራጠርም፤ ነገር ግን ከመንፈሱ ይልቅ የሚያስፈራው ያመለጠን ባሪያ ነፃ በሆኑት ግዛቶች ሳይቀር ይዞ ለጌታው መመለስን የፈቀደው የ1850ው ሕግ ነው። ከሞት የተመለሰች የምትመስለው ወጣት ወደ ቤቱ ከገባች በኋላ እናቲቱ በሩን ከውስጥ ዘግታ ሥራዋንም፣ ምግቧንም ለእርሷ ትተዋለች፤ እስከዚህ ድረስ ቁልፉን የያዘው ባል ወይም ጌታ ነበር፣ አሁን ግን በሐዘንዋ ራሷን የቆለፈችው እናት ናት። ታናሺቱ ልጅ ዴንቨር በረሃብ ተገፍታ ለዓመታት ብቻዋን ያልተሻገረችውን ግቢ ተሻግራ እርዳታ ስትጠይቅ፣ ለዓመታት ያገለሏቸው ጎረቤቶች በየቀኑ ምግብ በግቢው ጫፍ ማስቀመጥ ይጀምራሉ፤ በኋላም ሠላሳ ሴቶች በአንድነት ወደ ቤቱ መጥተው በጸሎትና በዜማ ይቆማሉ። በሌሎቹ መጻሕፍት ቤቱ በእሳት ሲጠፋ ወይም ባለታሪኳ ብቻዋን ስትሸሽ፣ በሞሪሰን ዘንድ የተዘጋው በር የተከፈተው ከውጭ በመጡ ሴቶች ነው።