«ልብዎ ደህና ነው» ሲባል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው፣ ጠዋት ሲመረመር የልቡ ደም ቧንቧ ክፍት ነው። «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል።

አሜሪካዊው ሐኪም ማይረን ፕሪንዝሜታል ግን ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1959 ጽፎታል፤ ሰውየው አርፎ ሳለ ቧንቧው በድንገት ይኮማተራል። የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን የሚያመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጡንቻውን ያላላል፤ ካልሲየም ደግሞ ያጠብቀዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች ናይትሪክ ኦክሳይድን በሚሠራው ኢንዛይም ዘረመል ላይ ያገኙት ለውጥ ከሕመሙ ጋር ተያይዟል። ሲጋራ ያባብሰዋል።

የካልሲየምን መግቢያ የሚዘጋ መድኃኒት ብዙዎችን ያስታግሳል። እዚያ ለመድረስ ግን አስቀድሞ የበሽተኛውን ቃል አምኖ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ «ሕመሙ በስንት ሰዓት ይመጣል? ሲጋራ ያጨሳሉ?»