ጋምቤላ ባቡር የለም ብዬ አያቴን የሞገትኳት ቀን

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዞ የሚነበብ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ነው። ለሥራ መጥቼ ሁለት ሳምንት ቆየሁና ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነው። ማረፊያው ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ያለ ነው፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የበረራዬ ሰዓት ገና ነው። ባጃጅ ሳይጠፋ ብዬ በጊዜ መጣሁ፤ አሁን ላቤን እየጠረግኩ እጠብቃለሁ። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የእናቴ አገር ጎሬ ደግሞ 2000 ሜትር ገደማ። በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ሳይሞላ ከጋቢ ወደ ካናቴራ ትወርዳለህ።

ነገሬ ስለ አያቴ ነው፤ አላህ ይርሐማት። ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት።

አያቴ ስለ አባቷ የምትነግረን አንድ ታሪክ ነበራት። አባቷ ከጎሬ ቡና በበቅሎ ጭኖ ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ከጣሊያን በፊት፣ እሷ ሳትወለድ፣ አንድ ዓመት ቡናውን ጋምቤላ አራግፎ አልተመለሰም። «በባቡር ኸርጡም ሄደ፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሐጅ አደረገ» ትለናለች። ሲመለስ አገሩ ሁሉ ሐጂ ብሎ ጠራው። ታሪኩ ላይ ሁሌ የማትዘላት አንዲት ነገር ነበረች። «ባቡሩ ሲሄድ ሰባት ቀን፣ ሲመለስ አሥራ አንድ ቀን» ትላለች፤ ጣቷን እየቆጠረች።

እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ እጄን ቀድሜ የማወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። አንድ የረመዳን ማታ፣ ከተራዊህ በኋላ፣ ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ ይህንኑ ስታወራ አቋረጥኳት። ጋምቤላ የባቡር ሐዲድ ኖሮ አያውቅም አልኳት። ኢትዮጵያ የነበራት ዋናው መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው አልኩ። ቀጠልኩና፣ አንድ መንገድ ሲሄዱ ሰባት ቀን ሲመለሱ አሥራ አንድ ቀን እንዴት ይሆናል፣ መንገዱ ይረዝማል እንዴ አልኩ። ሰው ሳቀ። አጎቴ ጭምር ሳቀ። አያቴ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሲሉ የሰማሁትን ነው» አለችና ወደ ቡናዋ ዞረች። ከዚያ በኋላ ያንን ታሪክ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ልጅ ነበርክ ትሉኝ ይሆናል። ልጅነቴ ግን እዚያ አላበቃም። ባለፈው ዓመት አጎቴ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በወረቀት አሰባስቦ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ ጻፍልን» ብሎ ሰጠኝ። ቅድመ አያቴ ስም ላይ ስደርስ «ሐጂ» የሚለውን ተውኩት። ማስረጃ የለውም ብዬ። ማንም አልጠየቀኝም።

ያለፈው ጁምዓ እዚህ ከሰላት በኋላ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሰማንያን የዘለሉ ይመስላሉ፤ ልጅነታቸውን ጋምቤላ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እናቴ የጎሬ ሰው ናት ስላቸው ፊታቸው በራ። «የጎሬ ቡና! ባቡሩ የሚጭነው እሱን አልነበር?» አሉኝ።

«አባባ፣ የምን ባቡር?»

«የውሃ ባቡር ነዋ!»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ሱዳን ነፃ ሳትወጣ፣ ትንሽ ልጅ እያሉ ያዩትን ነገሩኝ። ክረምት ባሮ ሲሞላ መጀመሪያ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ልጆች እየጮኹ ወደ ዳርቻው ይሮጣሉ። ከኋላው ትልቅ መንኮራኩር ውሃውን ይደበድባል፤ ግራና ቀኙ ላይ ጭነት የያዙ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ታስረውበታል፤ አንድ ላይ ሲመጡ መንደር የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከላይ ጀላባዎች ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። «ሱዳኖቹም ባቡር ነው የሚሉት፤ እኛም ባቡር ነው የምንለው» አሉ።

ቃሉን ማታ አሰብኩበት። አረብኛ የቀራችሁ ልብ በሉ፤ አረብኛ «ፐ» እና «ቨ» የሚባል ድምፅ የለውም። ፈረንጆቹ እንፋሎትን «ቫፐር» ይላሉ፤ በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብም በዚሁ ስም ጠሩት። አረቡ ሲይዘው «ባቡር» ሆነ። ወደኛም በዚያው መጣ። እኛ አገር ሐዲድ ላይ የሚሄደውም ባቡር፣ በሞተር የሚፈጨው ወፍጮም ባቡር የተባለው ለዚህ ነው። የገጠር እናቶች «እህሉን ባቡር ውሰደው» ሲሉ ማንም ሐዲድ የታለ ብሎ አይሞግታቸውም። እኔ ግን ሞገትኩ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለ ጋምቤላ ወደብ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አደርኩ። ለእናንተም አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን ኢትዮጵያ የወንዝ ወደብ እንደነበራት አናውቅም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። ከአንቀጾቹ አንዱ እንግሊዝ ባሮ ወንዝ ላይ፣ ኢታንግ አጠገብ፣ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንድትከራይ ይፈቅዳል። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተጽፏል። መሬቱ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተስማሙ። በተግባር ጣቢያው የተቋቋመው ኢታንግ ሳይሆን ከእሷ ሽቅብ ጋምቤላ ላይ ነው። ከጋምቤላ በላይ ወንዙ ወደ ደጋው ስለሚወጣ ድንጋይና ፏፏቴ ይበዛበታል፤ መርከብ አያልፍም።

መርከቦቹን ያንቀሳቅስ የነበረው የሱዳን ምድር ባቡር ነው። ሐዲዱም መርከቡም በአንድ መሥሪያ ቤት ስር ነበሩ፤ እንግዲህ አያቴ «ባቡር» ስትል በሁለቱም በኩል ልክ ነበረች። ከጋምቤላ ባሮን ይዘው ይወርዳሉ፤ ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ኮስቲን አልፎ ኸርጡም። 1366 ኪሎ ሜትር ነው።

ንግዱ የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ገረመኝ። ቡና በደጋው የሚለቀመው መከር ላይ ነው። መርከቡ የሚመጣው ግን ወንዙ ሲሞላ፣ ክረምት ነው። ስለዚህ ነጋዴው በበጋ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ ቡናውን በበቅሎና በሸክም አውርዶ ጋምቤላ ያከማቻል፤ ዝናቡን ይጠብቃል። ቁልቁለቱ አስቸጋሪ ነው። ቆላው ላይ ደግሞ ዝንቡ አለ፤ የደጋ በቅሎ በገንዲ ያልቃል፤ ሰውን ወባ ይጥለዋል። በዚህ ሁሉ አልፎ የደረሰው ቡና ዳርቻው ላይ ወራት ይቀመጣል። መርከቡ ሲመጣ ጨውና አቡጀዲ ያራግፍና ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን ጭኖ ይመለሳል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለዚህ ንግድ ጽፈዋል፤ የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎችም እዚህ ከትመው ነበር። የወንዙን ነባር ሰዎች ግን ሲያነቡ ብዙ አታገኟቸውም። አኝዋኮች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል፤ ከመርከቡም በፊት ከመርከቡም በኋላ በታንኳቸው ይሻገሩታል። ትናንትም አይቻቸዋለሁ።

እንግዲህ እያነበብኩ እያለ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። ከጋምቤላ ኸርጡም ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ሰባት ቀን፣ ከኸርጡም ጋምቤላ ሽቅብ ሲመጣ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል ትላለች።

ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። መንገዱ አልረዘመም። ውሃው ነው። ሲወርድ ጅረቱ ይገፋዋል፣ ሲወጣ ጅረቱን ይገፋል። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ልቤ ግን አሁንም የማስረጃ ልብ ነው፤ ስለዚህ ራሴን ሞገትኩ። መርከብ መኖሩ ቅድመ አያቴ ለመሳፈሩ ማስረጃ ነው? አይደለም። ኸርጡም መድረሱስ ሐጅ ለማድረጉ? እሱም አይደለም። ይቻል ነበር ወይ ብትሉኝ ግን በደንብ ይቻል ነበር። ከኸርጡም ሐዲድ እስከ ቀይ ባሕር፣ እስከ ፖርት ሱዳን ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ጂዳ ነው። ከጎሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከመሄድ ይህኛው ለምዕራብ ሰው የቀረበ ነው። ሰባቷና አሥራ አንዷ ደግሞ ከየት መጡ? አያቴ ጋምቤላን አይታ አታውቅም፤ ማንበብም አትችልም። ያንን ቁጥር የነገራት ሰው ወይ ተሳፍሮበታል፣ ወይ ከተሳፈረ ሰው ጋር ተቀምጧል። የሄደበትን ብቻ ሳይሆን የተመለሰበትንም ቆጥሯል። ሰው የሰማውን ወሬ ሲያወራ መድረሱን ይናገራል፤ ሽቅብ መመለሱ ስንት ቀን እንዳሰለቸው የሚያስታውሰው የተሰላቸ ሰው ነው። ቢያንስ እኔን እንደዚያ መሰለኝ።

ወደቡስ ምን ሆነ? ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም፣ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮችና የእንግሊዝ ጦር ጋምቤላን ያዙ፤ ክረምቱ ላይ ሽቅብ ወጥተው ሰዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ላይ፣ የጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን አስማረኩት። ለጦር እንዳይውል የተባለው ጣቢያ በመጨረሻ የጦር መንገድ ሆነ። በ1948 ዓ.ም ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃና ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መንገዱና የጅቡቲ ሐዲድ ቀድሞውንም ቡናውን ወደ መሐል አገር እየሳቡት ነበር። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ደግሞ፣ በተለይ ከ1975 ዓ.ም ወዲህ፣ የወንዙን መንገድ ከታች ዘጋው። የጭነቱ አቅጣጫ ተገለበጠ ማለት ይቻላል፤ በዚያው በኩል ቡና ሲሄድ የነበረው ቀርቶ ስደተኛ መምጣት ጀመረ። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያዬን ሳይ ካርድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የእርዳታ ሠራተኞች አሉ። የጋምቤላ መግቢያና መውጫ አሁን ይህ ነው።

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ አዛውንቱ ዳርቻውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። አንድ ሰው ባጃጁን ውሃ ዳር አቁሞ ያጥባል። «እዚያ ጋ ነበር የሚቆመው» ብለው በከዘራቸው አሳዩኝ። እኔ ውሃ ብቻ ነው ያየሁት፤ እሳቸው ግን ረጅም ሰዓት ሲያዩ ቆዩ።

ከመምጣቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ያን ማታ ካንተ በኋላ ማድ ቤት ገብታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ልጁ እውነቱን ነው፣ አባቴ ዋሽቶኝ ይሆን? ነው ያለችኝ።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። እናቴም መልስ አልጠበቀችም። «ለአጎትህ ደውልለት» ብላ ዘጋችው።

ደወልኩለት። አጎቴ ካዳመጠኝ በኋላ «እኔም እኮ ስቄ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ወረቀቱ ገና አልተባዛም» አለኝ። ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ነው፤ ፋይሉ ተከፍቷል። ባትሪው 14 በመቶ ይላል። ስሙ ፊት ሁለት ፊደል ጨመርኩና ላኩለት። ለበረራው እየጠሩን ነው።