ሁለተኛው ሰው

እኛ ጓደኛሞቹ በብዙ ነገር እንስማማለን። ፊልም ሲነሳ ግን ለሁለት እንከፈላለን። ግማሾቻችን የካውቦይ ወገን ነን፤ ግማሾቻችን የሮማ። ካውቦዮቹ ኮፍያ፣ ፈረስና አቧራ ከሌለበት ፊልም አየን አይሉም። ሮማዎቹ ደግሞ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ቀይ ካባና የሚጮህ ሕዝብ ካላዩ እንቅልፋቸው ይመጣል። ክርክሩ ዓመታት አስቆጥሯል፤ አሸናፊ ግን አልተገኘም። (ሊያስታርቁን የመጡት ሁሉ ወገን ይዘው ቀርተዋል።)

ዛሬ ክርክሩን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። «አገሩ ስንት ጉዳይ ሞልቶት እናንተ ስለ ካውቦይ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ትንሽ ታገሱን። ካውቦዩም ግላዲያተሩም የሚያደርሱን አንድ ቦታ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ካውቦዮቹ ይናገሩ። «ዌስተርን የሚያምረው ነገር ስለማያበዛ ነው» ይላሉ። አንድ ከተማ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ችግር። የሰርጂዮ ሌዮኔን «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) መክፈቻ ይጠቅሱልናል። ሦስት ታጣቂዎች ባቡር ጣቢያ ሆነው ባቡር ይጠብቃሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። አንደኛውን ዝንብ ታስቸግረዋለች። ሌላኛው፣ ረጅሙ ጥቁር ሰው፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ኮፍያው ላይ ሲጠራቀም ዝም ብሎ ይቆማል። ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ የረባ ነገር የሚናገር የለም፤ እኛ ግን ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። (ያን ረጅም ሰው አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።) «እስቲ ከሮማ ፊልሞቻችሁ እንዲህ ዝም ማለት የሚችል አንድ ጥሩልን!» ይላሉ ካውቦዮቹ።

ሮማዎቹ መልስ አያጡም። «ዝምታ ለብቸኛ ሰው ነው፤ አገር ግን በንግግር ነው የምትሠራውም የምትፈርሰውም» ይላሉ። በሮማ ፊልም ውስጥ ሴኔት አለ፣ ሠራዊት አለ፣ ባሪያ አለ፣ እናት አለች፣ ወሬ አቀባይ አለ። ቢቢሲ በ1976 የሠራውን «አይ፣ ክላውዲየስ» ይጠቅሳሉ። ያ ድራማ ሠራዊት አላሰለፈም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ እንጂ። ግን አንዲት አያት ልጇን ዙፋን ላይ ለማውጣት ቤተ ዘመዱን በመርዝ አንድ በአንድ ስትለቅም ማየት ከመቶ ተኩስ በላይ ያስደነግጣል።

ከዚያ ሽልማት መቁጠር ይመጣል። «ቤን ኸር» (1959) 11 ኦስካር፣ «ግላዲያተር» (2000) 5 ኦስካር። ካውቦዮቹም የክሊንት ኢስትዉድን «አንፎርጊቭን» (1992) በ4 ኦስካሩ ይመዛሉ። በዚህ መንገድ ክርክሩ እስከ ሌሊት ይሄዳል።

እኛ ግን ነገሩን ስናጠናው አንድ ጉድ አገኘን። ሁለቱ ጎራዎች ዘመዳሞች ናቸው! የካውቦዮቹ ንጉሥ ሌዮኔ ሥራውን የተማረው ሮም ውስጥ በተቀረጹ የሮማ ዘመን ፊልሞች ላይ ረዳት ሆኖ ነው፤ «ኩዎ ቫዲስ» (1951) እና «ቤን ኸር» ይገኙበታል። «ዊንቸስተር 73» (1950)ን የመሳሰሉ ዌስተርኖችን የሠራው አንተኒ ማን ደግሞ በኋላ «የሮማ ኢምፓየር ውድቀት» (1964)ን አዘጋጅቷል። ከሁሉም የሚገርመው የዴቪድ ሚልች ታሪክ ነው። ሚልች ለኤችቢኦ ያቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ በኔሮ ቄሳር ዘመን ስለነበሩ የሮማ ከተማ ጠባቂዎች ነበር። ኤችቢኦ «ሮም» የተባለውን ድራማ አስቀድሞ ይዞ ስለነበር፣ ሚልች ያንኑ ጥያቄ በፈረስ ጭኖ ወደ 1870ዎቹ የአሜሪካ ወርቅ ፈላጊዎች ሰፈር ወሰደው። «ዴድዉድ» (2004–2006) እንዲህ ተወለደ። ጥያቄው፦ ሕግ በሌለበት ቦታ ሰዎች እንዴት አብረው ይኖራሉ?

ልዩነቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በዌስተርን ሕግ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ባቡሩ አላደረሰውም። በሮማው ፊልም ግን ሕግ ከመጣ ቆይቷል፤ አርጅቷል፤ ጉልበተኞች ጉዳይ ማስፈጸሚያ አድርገውታል። አንደኛው ስለ ሕግ ልደት ያወራል፤ ሌላው ስለ ሕግ ቀብር። በሁለቱም ቦታ ግን ተራው ሰው የሚገጥመው ፈተና አንድ ነው፦ ጉልበተኛው ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?

ይህን ፈተና ከሁሉም አጥብቀው የጠየቁት ሁለት ፊልሞች አሉ። አንዱ ዌስተርን ነው፣ «ሃይ ኑን» (1952)። ሌላው የሮማ ነው፣ «ስፓርታከስ» (1960)። የሁለቱም ደራሲዎች ያንኑ ፈተና በራሳቸው ላይ ያዩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ኮሙኒስት ናችሁ ያላቸውን የፊልም ሰዎች እየጠራ የጓደኞቻቸውን ስም እንዲጠሩ ያዝ ነበር። የ«ሃይ ኑን» ደራሲ ካርል ፎርማን በ1951 ፊልሙ እየተሠራ ሳለ ተጠራ። ስም አልጠራም። ሥራ ስለተከለከለ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። የ«ስፓርታከስ» ደራሲ ዶልተን ትራምቦም ለኮሚቴው ጥያቄ አልመልስም በማለቱ በ1950 ታሰረ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሌሎች ሰዎች ስም እየጻፈ ኖረ፤ የራሱ ስም ስክሪን ላይ የተመለሰው ኪርክ ዳግላስ «ስፓርታከስ» ላይ እንዲወጣ ሲያደርግ፣ በዚያው በ1960 ነበር።

አሁን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። በ«ሃይ ኑን» ጌሪ ኩፐር የከተማው ማርሻል ነው። በሠርጉ ቀን፣ ሥራውን ሊለቅ ሲል፣ ያሰረው ወንበዴ ተፈትቶ በእኩለ ቀኑ ባቡር እየመጣ መሆኑን ይሰማል። ሰው ፍለጋ ይወጣል። ዳኛው የፍትሕ ሚዛኑን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ከተማውን ለቆ ይሄዳል። አንድ ወዳጁ ቤቱ ተደብቆ ሚስቱን «የለም በይው» ይላታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡ ይከራከራል፣ ያመሰግነዋል፣ በመጨረሻም «ለአንተም ለእኛም የሚሻለው ብትሄድ ነው» ይለዋል። ከተማው በሙሉ እንደ ጲላጦስ እጁን ይታጠባል። ማርሻሉ የሚያሸንፈው አዲሷ ሙሽራ ተመልሳ ስለተኮሰችለት ነው፤ ኮከቡን አቧራ ላይ ወርውሮም ጥሏቸው ይሄዳል። (ጆን ዌይን ይህን ፊልም አምርሮ ነበር የሚጠላው። እሱና ሃዋርድ ሆክስ መልስ እንዲሆን ብለው «ሪዮ ብራቮ» (1959)ን ሠርተዋል።)

በ«ስፓርታከስ» ደግሞ የባሪያዎቹ ጦር ተሸንፎ ምርኮኞቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሮማውያኑ «ስፓርታከስ የትኛው እንደሆነ ካሳያችሁን ከመሰቀል ትድናላችሁ» ይሏቸዋል። ስም ጥሩ ማለት ነው። ስፓርታከስ ራሱን ሊያጋልጥ ሲነሳ አጠገቡ ያለው አንቶኒነስ ቀድሞት «ስፓርታከስ እኔ ነኝ» ይላል። ሌላው ይነሳል፤ ሌላውም። ሜዳው ሁሉ ስፓርታከስ ይሆናል። ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት አመፁ ሲያበቃ 6,000 ምርኮኞች ከካፑዋ እስከ ሮማ በመንገዱ ዳር መሰቀላቸው ነው። ትዕይንቱን የፈጠረው ስም አልጠራም ባዮቹን የሚያውቅ ዘመን ነው።

ታዲያ አንዱን ከተማ ፈሪ፣ ሌላውን ሜዳ ጀግና ያደረገው ምንድን ነው? እኛ ደጋግመን ስናየው ያገኘነው መልስ አጭር ነው፦ ሁለተኛው ሰው።

«ሃይ ኑን» ላይ ኸርብ የሚባል ሰው አለ። ማርሻሉን ለመርዳት መጀመሪያ እሺ ያለው እሱ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስም ተመልሶ ይመጣል። «ሌሎቹስ የት አሉ?» ይላል። ማንም እንደሌለ ሲነገረው ሚስትና ልጆች እንዳሉት ያስታውስና ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ አንድ ሰው ቢያገኝ ይቆም ነበር። ለእሱ ሁለተኛ የሚሆን ሰው ጠፋ። አንቶኒነስ ግን ሌሎቹ የት አሉ ብሎ አልጠየቀም፤ ተነሳ።

ሰፈራችን ልጆች መሪ ተዋናዩን «አክተሩ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ «አክተር አይሞትም» የሚል ሃይማኖትም አላቸው። እኛም ያደግነው አክተሩን እያየን ነው። ለዚህ ይሆናል አንድ ነገር ሲበላሽ «አንድ ወንድ ይጥፋ?» የምንለው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ አንድ ሰው ይከራከራል። ቀሪው ተሳፋሪ በመስኮት የማያውቀውን ሕንፃ ያደንቃል። ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አንዷ እጇን ታወጣለች። ሌላው ጥያቄውን ለኮሪደር ያስቀምጣል፤ ስብሰባው ሲያልቅ «ጎበዝ፣ ልክ ነሽ!» ብሎ በሹክሹክታ ያመሰግናታል። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት ጠፍቶ አያውቅም እኮ! የሚጠፋው «እሷ ያለችው የእኔም ጥያቄ ነው» የሚለው ነው። ዋጋውም ያን ያህል ነው፦ ብቻዋን ከሆነች አስቸጋሪ ሰው ናት፤ ሁለት ከሆኑ ጉዳይ ይሆናል።

ሁለቱ ጎራዎች ንጹሕ ናቸው ማለታችን አይደለም። ዌስተርን ስንት ዓመት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አገራቸው ላይ ወንበዴ አድርጎ አሳይቷል። የሮማ ፊልም ደግሞ በቀጥታ እኛ ላይ ተሠርቷል። በ1937፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘች ማግስት፣ የሙሶሊኒ መንግሥት «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» የተባለውን ፊልም አሠራ። የጥንቱ የሮማ ጄኔራል አፍሪካ ዘልቆ ካርቴጅን ሲያሸንፍ የሚያሳይ ነው፤ ተመልካቹ የአዲስ አበባውን «ድል» እንዲያስብበት። የአክሱም ሐውልትም በዚያው ዓመት ተወስዶ ሮም ላይ፣ የጥንቱ ሰረገላ መሽቀዳደሚያ አጠገብ ቆመ። (የተመለሰው በ2005 ነው።) ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሐውልቱ በኩል አልፎ፣ ከኮሎሲየሙ አጠገብ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ማራቶኑን አሸነፈ። በወሩ «ስፓርታከስ» ለእይታ በቃ፤ ፊልሙ ውስጥም ድራባ የሚባል ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ነበረ።

(በሮማውያን ዘመን «ኢትዮጵያዊ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለ ጥቁር ሁሉ መጠሪያ ነበር። ስለዚህ ድራባን በግድ የሰፈራችን ልጅ አናደርገውም።)

ድራባን የተጫወተው ዉዲ ስትሮድ ነው፤ ያ ኮፍያው ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት የቆመው ረጅም ሰው። በሁለቱም ጎራ አለ። በ«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» (1962) ዌስተርን ውስጥም የጆን ዌይን አገልጋይ ሆኖ ይሠራል፤ ስሙ ፖምፒ ነው። የአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች ለባሪያዎቻቸው የሮማ ጄኔራሎችን ስም ያወጡ ነበርና። ወሳኙ ሰዓት ላይ ጠመንጃውን ለጌታው የሚወረውርለት ፖምፒ ነው፤ ታሪኩ ግን የሌሎች ሆኖ ይቀራል። ስትሮድ ከሲኒማ በፊት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ1946 የሎስ አንጀለስ ራምስ ክለብ በጥቁሮች ላይ የነበረውን እገዳ ሲሰብር መጀመሪያ የፈረመው ኬኒ ዋሽንግተን ነው። ሁለተኛው ማን ይመስላችኋል? ስትሮድ!

ድራባ ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው አልነግርህም ብሎት ነበር፤ አንድ ቀን ቢያጋጥሙን ልገድልህ ነው ብሎ። አጋጠሟቸው። ድራባ አሸነፈ። መንሹን ስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ደግኖ ቆመ። ከላይ የተቀመጡት ባለጠጎች «ግደለው» አሉ። ኢትዮጵያዊው ግን ዞሮ መንሹን ወደ ተመልካቾቹ ወረወረው፤ ወደ እነሱም ዘሎ ወጣ፤ እዚያው ተገደለ። ብቻውን ነበር። ሬሳውን ለማስፈራሪያ ሰቀሉት።

ብዙም ሳይቆይ ግላዲያተሮቹ ተነሱ። እንግዲህ ፊልሙ በስሙ የተጠራለት፣ አክተራችን፣ ስፓርታከስ ራሱ ሁለተኛ ሰው ነው። እምቢታን የጀመረው አይደለም፤ የጀመረውን ሰው ብቻውን ያላስቀረው ነው።

ካውቦይ ይሻላል ሮማ? እኛ አሁንም አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለንም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ጎራ እጁን አውጥቷል። አንደኛው ሰው ከየትም ይመጣል፤ ተቆጥቶ፣ ተበድሎ ወይ አልቻል ብሎት ይነሳል። ከተማው «ሃይ ኑን» ይሁን «ስፓርታከስ» የሚወስነው ግን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።