ሲስት የሚታገሡትና ሲስት የሚያባርሩት

አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቢስት ነው «በቃህ፣ ውጣ» ሊባል የሚገባው? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለክርክር ክበባችን ርእስ ላቀብል ብዬ አይደለም። ጥያቄው በእኔ ላይ ደርሶብኛል። ከእኔ ይልቅ ደግሞ በአንድ የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ ላይ ደርሶ፣ ሻንጣውን አሸክሞ ወደ አገሩ ሰዶታል። ነገር ግን ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት አንባቢን በአሜሪካ በኩል አዙሬ ላመጣው ነውና መንገዱ ቢረዝም ይቅርታ ይደረግልኝ። ዓመታቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አጎቴ የሚኖረው በሜሪላንድ፣ የአገራችን ሰው በበዛባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። የአሜሪካንን ፖለቲካና ቤዝቦልን የተማረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከመኪናው ራዲዮ ነው። ቤዝቦል ከሩቅ ሲያዩት የገና ጨዋታችንን ይመስላል፤ ዱላም አለ፣ ኳስም አለ። ልዩነቱ ግን፣ በቤዝቦል መቺው ተራው ሲደርስ ብቻውን ይቆማል። ከፊቱ ያለው ወርዋሪ ኳሱን እንደ ጥይት ይለቅበታል፤ ሕዝቡ ሁሉ ደግሞ እርሱን ብቻ ይመለከታል። ከዐሥር ጊዜ ሦስት ጊዜ የተሳካለት መቺ እንደ ጀግና ይቆጠራል። ሰባት ጊዜ የከሸፈበት ሰው ማለት ነው! በእኛ ዘንድ ከዐሥር ሦስት ያገኘ ተማሪ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

አጎቴ የሚደግፈው የባልቲሞር ኦሪዮልስን ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ክሪስ ዴቪስ የሚባል ኃይለኛ መቺ ነበር። በ2013 ዓ.ም. 53 ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 47 ጊዜ ኳሱን ከአጥሩ ማዶ አሳርፏል። ቡድኑም በዚህ ደስ ብሎት በጃንዋሪ 2016 ዓ.ም. ለሰባት ዓመት 161 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ። ከዚያ በኋላ ክንዱ ከዳው። በ2018 ዓ.ም. አማካዩ ከሺህ 168 ሆነ፤ ይህም የዓመቱን በቂ ጨዋታ ከተጫወቱ መቺዎች ሁሉ በታላቁ ሊግ ታሪክ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቍጥር ነው። የባሰው ግን ገና ይመጣ ነበር። ከሴፕቴምበር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2019 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ 54 ጊዜ ሞክሮ አንድም ጊዜ ሳይሳካለት ቀረ። ከእርሱ በፊት የነበረው የመቺዎች መጥፎ ሬኮርድ 46 ነበር።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በገዛ ሜዳው የገዛ ደጋፊዎቹ ይጮኹበት ጀመር። የአጎቴ ተሳፋሪዎችም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ደመወዙን በሳተበት ቍጥር እያካፈሉ ይሥቁ እንደ ነበር ነግሮኛል። አጎቴ ግን አይሥቅም። በአገሩ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ አሜሪካ ከገባ በኋላ የማስተማሪያ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ጊዜ ተፈትኖ እንደ ወደቀ የሚያውቀው እርሱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው።

ኤፕሪል 13 ቀን 2019 ዓ.ም. ዴቪስ በቦስተን ከተማ፣ በፌንዌይ ፓርክ ሜዳ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር መታ፤ ሁለት ጓደኞቹንም አስገባ። በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ደገመ፤ ቡድኑም 9 ለ5 አሸነፈ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ምሽት ላይ ስልካችን ጮኸና እናቴ አነሣችው፤ አጎቴ ከወዲያ «መታ! መታ!» እያለ ይጮኻል። እናቴ ሰው የተደበደበ መስሏት «ማንን? ማን መታህ?» ብላ ልብሷን ጥላ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ዓመት ሳይሞላ አጎቴ በሌላ ሰው ነገር ደወለ፤ አሁን ወሬው የፖለቲካ ነው። እንደሚታወቀው በአሜሪካ ፓርቲዎች እጩ ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡት ክፍለ ግዛት በክፍለ ግዛት ነው፤ ፕራይመሪ ይሉታል። በ2020 ዓ.ም. የዴሞክራቶቹ ምርጫ የተጀመረው በአይዎዋ ሲሆን፣ ያን ጊዜ እዚያ ሰዎች በየአዳራሹ ተሰብስበው ለሚደግፉት እጩ ወደ አንድ ጥግ ሄደው ይቆሙ ነበር። ከተሰበሰበው ሕዝብ 15 ከመቶ ያላገኘ እጩ ይወድቅ ነበር፤ ደጋፊዎቹም ጥግ ይቀይሩ ወይም ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ነገሩ ከእድር ስብሰባ ብዙ አይርቅም ነበር።

ጆ ባይደን በዚያ በአይዎዋ አራተኛ ሆኑ። ሳምንት ቆይቶ በኒው ሃምፕሺር አምስተኛ ሆኑ። ስምንት ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው አምስተኛ! ከዚያም በፊት ሁለት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ነበር፤ ለ1988ቱ ምርጫ አንድ ሰው እንኳ ድምፅ ሳይሰጥ ከውድድሩ ወጡ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአይዎዋ አንድ ከመቶ ሳይሞላላቸው ተሰናበቱ። እንግዲህ በሦስት ውድድር አንድም ክፍለ ግዛት አላሸነፉም ነበር። ጋዜጠኞችም መቃብራቸውን ምሰው ጨርሰው ነበር። ዳሩ ግን ፌብሩዋሪ 29 ቀን፣ የዴሞክራት መራጮች ከግማሽ በላይ ጥቁሮች በሆኑባት በደቡብ ካሮላይና፣ 49 ከመቶ ያህል አግኝተው አሸነፉ። ሦስት ቀን ቆይቶ ከዐሥራ አራት ክፍለ ግዛቶች ዐሥሩን ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ ፕሬዚዳንት ለመሆን ተመረጡ።

«ስማኝ ልጄ፤» አለ አጎቴ፣ «የሁለቱ ትምህርት አንድ ነው። ሰው ሲስት ቆሞ ይጠብቅ፤ ተራው ይደርሳል።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ስብከት ይወጣው ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ አምኜበት ኖሬአለሁ። እምነቴን ያናወጠው የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ ነው።

ባልንጀራዬ የመጣው ከወሎ ገጠር ነው። የመጀመሪያውን ሰሚስተር ያሳለፈው አስተማሪው በእንግሊዝኛ የሚለውን ለመያዝ ሲታገል ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል፤ ስንት ጊዜም ተቈጥቼዋለሁ። ነጥቡ ከተወሰነው ወለል በታች ወረደና ተባረረ። እኔ በዚያ ሰሚስተር ጥሩ ነጥብ አመጣሁ፤ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተምሬ የመጣሁ ነኝና። በሁለተኛው ዓመት ግን አባቴ ታሞብኝ፣ ልቤም ከመጽሐፍ ርቆ፣ ከባልንጀራዬ እምብዛም የማይሻል ነጥብ አመጣሁ። ታዲያ እኔን ያገኘኝ ዋርኒንግ ብቻ ነው። የአንደኛው ዓመት ነጥቤ ከሥር ሆኖ ደገፈኝ። አንድ ዓይነት አወዳደቅ ወድቀን፣ እርሱ ከበር ውጭ፣ እኔ ከበር ውስጥ ነን። ልዩነቱ የወደቅንበት ቀን ነው፤ እርሱ የወደቀው መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከኋላ።

ከዚህ በኋላ የአጎቴን ሁለት ጀግኖች እንደ ገና ተመለከትኋቸው። ዴቪስ 54 ጊዜ ሲስት የታገሡት ለምንድን ነው? ከሥሩ 53 ሆም ራንና የ161 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለ ነበረ ነው። ከታችኛው ሊግ ትናንት የመጣ ወጣት ቢሆን ኖሮ 54 ቀርቶ ሠላሳ እንኳ ባላስቈጠሩት፤ በሳምንቱ ወደ መጣበት በመለሱት ነበር። ስለዚህ ሬኮርዱን ለመስበር እንኳ ባለጸጋ መሆን ያስፈልጋል። ባይደንስ? አምስተኛ ወጥተው ሊቈዩ የቻሉት ስማቸው በየቤቱ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። በዚያው ውድድር የነበሩት ካማላ ሃሪስ ገንዘብ አልቆባቸው አንድ ድምፅ ሳይሰጥ በዲሴምበር 2019 ዓ.ም. ወጡ፤ ኮሪ ቡከርም በወሩ ተከተሉ። ደቡብ ካሮላይና ምን ልትላቸው እንደ ነበረ ማን ያውቃል? እስከዚያ አልደረሱም።

ስለ ፕራይመሪ ያለኝ የግል አስተያየት ይኸው ነው፤ ከድምፁ ቈጠራ ይልቅ ተራው ይፈርዳል። ሕዝቧ በብዛት ነጭ የሆነና ትንሽ ክፍለ ግዛት አስቀድማ ስትናገር፣ ሌላው ገና አፉን ሳይከፍት ግማሹ እጩ ይሰናበታል። ዴሞክራቶቹ ራሳቸው ይህን ተረድተው በ2024 ዓ.ም. ደቡብ ካሮላይናን መጀመሪያ አደረጓት። ተራ የሰው ሥራ ነውና ሰው ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው። የእኛስ የመጀመሪያ ሰሚስተር ከአይዎዋ በምን ይለያል?

«እንግዲያው ሰው ቢስትም ለዘላለም ይታገሡት ትላለህን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልልም። ዴቪስ ከዚያች የቦስተን ቀን በኋላ ወደ ቀድሞው ኃይሉ አልተመለሰም። በ2020 ዓ.ም. 52 ጊዜ ሞክሮ ስድስት ብቻ መታ፤ በኦገስት 2021 ዓ.ም. ጨዋታውን ተወ። ባይደንም በ2024 ዓ.ም. ፕራይመሪውን ብርቱ ተቀናቃኝ ሳይኖራቸው አለፉ፤ ጁን 27 ቀን በቴሌቪዥን በተደረገው ክርክር ግን ድካማቸውን አገር ሁሉ አየው፤ ጁላይ 21 ቀንም ከውድድሩ ወጡ። በምትካቸው የቀረቡት፣ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ድምፅ ሳይሰጥባቸው የተሰናበቱት ሃሪስ ነበሩ፤ ጊዜው አጥሮ በኖቬምበር ተሸነፉ። ሽንፈቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም። ነገር ግን ያ ሁሉ መራጭ ድምፁን ሲሰጥ እውነቱን ደፍሮ የነገረው አለቃ ጥቂት ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ብሂል ለካ የእኛ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ስሕተቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሚመጣው ከአንድ ልማድ ነው። አዲስ የመጣውን ሳናውቀው እናባርራለን፤ የቈየውን ደግሞ እያወቅነው ዝም እንላለን። ትዕግሥታችንን ለሚያስፈልገው ሰው መስጠት ሲገባን፣ አስቀድሞ ለሞላለት እንሰጣለን። እኔ ግልባጩ ይሻላል እላለሁ፤ ለጀማሪ ጊዜ፣ ለአንጋፋ እውነት።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ብነግረው ብዙ ዝም አለ። ስብከቱን ያበላሸሁበት መስሎኝ አፈርሁ። በመጨረሻ «እኔም እኮ ፈተናውን የተውሁት የመክፈያ ገንዘብ አልቆብኝ ነው እንጂ መውደቅ ሰልችቶኝ አይደለም» አለ። ይህን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

የጽሑፌ ዓላማ እንባ ማፍሰስ አይደለም። የተማሪዎች ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር እንዲይዝ እለምናለሁ፤ ይኸውም የመጀመሪያው ሰሚስተር ነጥብ ለማስጠንቀቂያ እንጂ ለማባረሪያ እንዳይሆን፣ ቢያንስ ሁለት ሰሚስተር ተደምሮ እንዲታይ ለዩኒቨርሲቲው ጥያቄ እንዲያቀርብ ነው። የሚቃወም ቢኖር ይጻፍ፤ ገጹ የሁላችን ነው።

ባልንጀራዬ አሁን በአገሩ በአባቱ ሱቅ ይሠራል። ባለፈው ወር ደውሎ ነበር። ስለ ነጥብ አልጠየቀኝም። «በቤተ መጻሕፍቱ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችውን ወንበሬን ማን ይዟታል?» አለኝ። ባዶ ናት አልሁት። እውነቱን ለመናገር የያዝኋት እኔ ነኝ።