ፋይላችሁ አልጠፋም

«ፋይሌ ጠፋ!» እዚህ ሸሕዲ በምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም።

ባለፈው አንዲት ተመራቂ ሥራ ለማመልከት መጣች። ምዝገባው የሚያልቀው በዚያው ቀን ነው። ገጹ ፋይል ምረጪ ሲላት ፍላሿን ከፈተች፤ ባዶ! ዲግሪዋን ስካን ያስደረገችው ጎንደር ነው። ተመልሳ እንዳትሄድ ጊዜም ብርም የላትም። እንባዋ መጣ።

ዲግሪው ግን እዚያው ፍላሹ ውስጥ ነበር። ገጹ የሚፈልገው ፒዲኤፍ ነው፤ የእሷ ደግሞ ጄፔግ፣ ማለትም ፎቶ ነው። ስለዚህ መስኮቱ አላሳያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ከነጥብ ቀጥሎ ጥቂት ፊደላት አሉ፤ ኤክስቴንሽን ይባላሉ። ፋይል መምረጫው መስኮት እነሱን እያየ የተፈቀደውን ብቻ ያሳያል። የፋይሉን ውስጥ ገልጦ አያይም። ዊንዶውስ ደግሞ እናንተ ካላስተካከላችሁት በስተቀር የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች ይደብቃል። ሰዉ ፋይሉ ለምን እንደቀረበት በምን ይወቅ?

መፍትሔው ቀላል ነው። በመስኮቱ ታች በቀኝ በኩል «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ፤ ፋይላችሁ ብቅ ይላል። ይህ ግን መኖሩን ለማረጋገጥ ነው፤ ገጹ አሁንም ላይቀበለው ይችላል። ፎቶ ከሆነ ከፍታችሁ ፕሪንት በሉና ከማተሚያዎቹ ዝርዝር «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ»ን ምረጡ። የወርድ ጽሑፍ ከሆነ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ስሙን ብቻ ቀይሮ መላክ ግን አይሠራም። ማሽላ የሞላ ጆንያ ላይ «ሰሊጥ» ብሎ ቢጽፍበት ነጋዴ ይገዛዋል? መተማ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ፋይልም እንደዚያው ነው።

ኤክስቴንሽን ማየት ከቫይረስም ያድናል። በፍላሽ የመጣ «ፎቶ» መጨረሻው ላይ ኢኤክስኢ የሚል ካለው ፎቶ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ አትንኩት።

የምዝገባ ገጽ ለምታዘጋጁም አንድ ቃል አለኝ። «ፒዲኤፍ ብቻ እንቀበላለን» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ ልጅ ሰው አጠገቧ ስለነበረ ተመዘገበች። ባዶውን መስኮት አይተው «በቃ፣ ዕድሌ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል?